የኤንቢኤ ቡድኖች የደመወዝ ክፍፍል ከድል ጋር ምን ያገናኘዋል?

በአሜሪካ የቅርጫት ኳስ ሊግ በኤንቢኤ የሚጫወተው የቺካጎ ቡልስ ክለብ በ1997/98 የውድድር ዘመን ለማይክል ጆርዳን የከፈለው ደመወዝ 33.1 ሚሊዮን ዶላር ነበር። በዚያ ዓመት ሊጉ ለአንድ ሙሉ ቡድን ያስቀመጠው የደመወዝ ጣሪያ 26.9 ሚሊዮን ዶላር ስለነበር፣ አንድ ሰው ብቻውን ለመላው ቡድን ከተወሰነው ገንዘብ በላይ ይወስድ ነበር ማለት ነው። ከጆርዳን ቀጥሎ ከፍተኛ ክፍያ የነበራቸው ባልደረቦቹ መደበኛ ደመወዛቸው እያንዳንዳቸው አምስት ሚሊዮን እንኳ አይሞላም ነበር። ቡልስ በዚያ ዓመት ከ82 ጨዋታዎች 62ቱን አሸንፎ ለሦስተኛ ተከታታይ ጊዜ ሻምፒዮን ሆነ። በ2023/24 ደግሞ ቦስተን ሴልቲክስ 64 ጨዋታዎችን አሸንፎ ዋንጫውን ሲያነሣ፣ የቡድኑ አራት ከፍተኛ ተከፋዮች፣ ማለትም ጁሩ ሆሊዴይ፣ ክሪስታፕስ ፖርዚንጊስ፣ ጄሰን ቴተምና ጄይለን ብራውን፣ ሁሉም ከ31 እስከ 37 ሚሊዮን ዶላር ባለው ክልል ውስጥ ነበሩ፤ የቡድኑ ዋና ኮከብ ቴተምም ከአራቱ ሦስተኛ ተከፋይ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሁለቱ ክለቦች ገንዘባቸውን ያከፋፈሉበት መንገድ የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል፤ ያገኙት ውጤት ግን አንድ ነው። ስለዚህ በደጋፊዎች ክርክር ዘወትር የሚነሡት «ክፍያ ሲመጣጠን ቡድን ይስማማል» እና «ለኮከቡ አጥግበህ ክፈል፣ ሌላው ይከተለዋል» የሚሉት ሁለቱም አስተያየቶች የነገሩን ሥር አይነኩም። ይህ ጽሑፍ የሚያቀርበው ሐሳብ ሌላ ነው። ቡድንን ለድል የሚያበቃው በባልደረቦች መካከል ያለው የደመወዝ ርቀት ሳይሆን፣ ተጫዋቾቹ በሜዳ ላይ የሚሰጡት አገልግሎት ከሚከፈላቸው ገንዘብ የሚበልጥበት መጠን ነው። ይህ ትርፍ የሚገኘው ግን ለጥቂት ዓመታት ብቻ ነው፤ በእነዚያም ዓመታት ከሚገባው በታች እየተከፈለው ትርፉን የሚያስገኝ ሰው ሁልጊዜ አለ።

በጉዳዩ ላይ የኢኮኖሚክስ ምሁራን ለረጅም ጊዜ የተከራከሩት በሁለት ተቃራኒ ሐሳቦች ዙሪያ ነው። ኤድዋርድ ላዚርና ሸርዊን ሮዘን በ1981 ባወጡት ሥራ፣ በአንድ ድርጅት ውስጥ ለከፍተኛው ደረጃ የሚሰጠው ክፍያ ከሌላው በጣም ሲልቅ ከታች ያሉት ሠራተኞች ወደዚያ ደረጃ ለመድረስ ሲሉ የበለጠ ይተጋሉ የሚል መከራከሪያ አቀረቡ። ጆርጅ አከርሎፍና ኋላ የአሜሪካ የገንዘብ ሚኒስትር የሆኑት ጃኔት የለን ደግሞ በ1990 ከዚህ በተቃራኒ፣ ሠራተኛ «ይገባኛል» ከሚለው በታች እንደተከፈለው ሲሰማው ጥረቱን በዚያው ልክ እንደሚቀንስ አስረዱ። እንደ ፋብሪካና ባንክ ባሉ ተቋማት ይህን መፈተን አስቸጋሪ ነው፤ የእያንዳንዱ ሰው ደመወዝም ሆነ የሥራው ፍሬ ለውጭ ሰው አይታይምና። በአሜሪካ ፕሮፌሽናል ስፖርት ግን የእያንዳንዱ ተጫዋች ደመወዝ በይፋ ይታወቃል፣ እያንዳንዷ ነጥብና እያንዳንዷ ደቂቃ ትመዘገባለች፣ ውጤቱም በየሁለት ቀኑ ይታያል። ተመራማሪዎች ወደ ስፖርቱ የጎረፉት ለዚህ ነው።

ያገኙት መልስ ግን እርስ በርሱ የሚጋጭ ነው። ማት ብሉም በ1999 ባሳተሙት ጥናት በቤዝቦል ቡድኖች ውስጥ የደመወዝ ልዩነት ሲሰፋ የተጫዋቾቹም የቡድኑም ውጤት እንደሚዳከም አሳዩ። በርንድ ፍሪክና ባልደረቦቻቸው በ2003 በሰሜን አሜሪካ ትልልቅ ሊጎች ላይ ባደረጉት ንጽጽር የቤዝቦሉን ግኝት ሲያጠናክሩ፣ በቅርጫት ኳስ ግን ተቃራኒውን፣ ልዩነቱ የሰፋበት ቡድን የተሻለ ውጤት እንዳለው አገኙ። በዓመቱ ዴቪድ ቤሪና ቶድ ጀዌል በዚሁ በቅርጫት ኳስ ላይ በሠሩት ጥናት በሁለቱ መካከል ሊታመን የሚችል ግንኙነት አላገኙም። በ2011 ካታያማና ኑች በየጨዋታው በትክክል ሜዳ የገቡትን ተጫዋቾች ብቻ ቆጥረው ሲያሰሉም ልዩነቱ በውጤት ላይ ተጽዕኖ እንደሌለው ደመደሙ። በ2012 ደግሞ ኒር ሃለቪና ባልደረቦቻቸው በደመወዝ፣ በቋሚ ተሰላፊነትና በጨዋታ ደቂቃ የሚገለጽ የደረጃ ልዩነት ያለባቸው የኤንቢኤ ቡድኖች ይበልጥ እንደሚያሸንፉ፣ ምክንያቱም ተጫዋቾቹ ሥራቸውን አቀናጅተው እንደሚተባበሩ ጻፉ።

በቤዝቦልና በቅርጫት ኳስ መካከል የታየው ልዩነት ከጨዋታው ጠባይ የሚመነጭ ይመስለኛል። በቤዝቦል እያንዳንዱ ተጫዋች ተራውን ጠብቆ ለብቻው ይመታል፤ ውዱ ተጫዋች የርካሹን ተራ ሊወስድበት አይችልም። በቅርጫት ኳስ ግን በሜዳ ላይ አምስት ሰዎች አንዲት ኳስ ይጋራሉ፣ በ24 ሰከንድ ውስጥም ከአምስቱ አንዱ መወርወር አለበት። ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ሰከንዶች ሲቀሩ ኳሷ ወደ ማን እንደምትሄድ ካልተወሰነ ቡድኑ ይበተናል። በዚህ ዓይነት ጨዋታ የደረጃ መኖር ጠብን ሊከላከል ይችላል፤ ደረጃውን ግን ባልደረቦቹ ራሳቸው በልምምድ ሜዳ አይተው ያመኑበት መሆን አለበት። ያን የሚያሳይ ቁጥር በደመወዝ መዝገብ ላይ አይገኝም።

የግኝቶቹን መጋጨት በተመለከተ ግን ትልቁ ምክንያት ሌላ ነው ብዬ አምናለሁ፤ እሱም በኤንቢኤ ውስጥ ደመወዝ የተጫዋቹን ዋጋ በቀጥታ የሚያሳይ መለኪያ አለመሆኑ ነው። ሊጉ የደመወዝ ጣሪያን በ1984/85 ሲጀምር ቡድኖች የራሳቸውን ተጫዋች ለማቆየት ከጣሪያው በላይ እንዲከፍሉ ፈቅዶ ነበር፤ ቡልስ ለጆርዳን ያን ያህል ሊከፍል የቻለው በዚህ ፈቃድ ነው። ለአንድ ተጫዋች የሚከፈለው ከፍተኛ መጠን ራሱ ገደብ የተበጀለት ኬቪን ጋርኔት በ1997፣ ገና በ21 ዓመቱ፣ ከሚኒሶታ ጋር የስድስት ዓመት የ126 ሚሊዮን ዶላር ውል ከፈረመ በኋላ ነው። የክለብ ባለቤቶቹ በዚህ ደንግጠው በሮቻቸውን ዘጉ፤ የ1998/99 ውድድር ወደ 50 ጨዋታ አጠረ፤ በመጨረሻ የተደረሰው ስምምነትም የግለሰብን ደመወዝ እንደ አገልግሎት ዘመኑ ከጣሪያው 25፣ 30 ወይም 35 በመቶ ላይ እንዲቆም አደረገ። ከዚያ ቀደም ብሎ በ1995 በድራፍት፣ ማለትም ክለቦች በየዓመቱ አዳዲስ ተጫዋቾችን በተራ በሚመርጡበት ሥርዓት፣ የሚገቡ ጀማሪዎች ደመወዝ በተመረጡበት ተራ ቁጥር እንዲተመን ተደርጎ ነበር።

የእነዚህ ሁለት ደንቦች ድምር ውጤት ግልጽ ነው። ከላይ ያለው ታላቅ ኮከብ ክለቦች በነፃ ገበያ ቢሻሙበት ሊያገኝ ከሚችለው በታች ይወስዳል፤ ከታች ያለው ጎበዝ ጀማሪ ደግሞ እስከ አራት ዓመት ድረስ የችሎታውን ጥቂት እጅ ብቻ ይከፈለዋል። በመሐል ያሉትና በዕድሜ የገፉት ደግሞ አንዳንዴ ከሚሠሩት በላይ ያገኛሉ፤ ውላቸው የተፈረመው ባለፈው ሥራቸው ነውና። ስለዚህ የአንድን ቡድን ደመወዝ ዘርዝሮ የልዩነቱን ስፋት በአንድ ቁጥር የሚያሰላ ተመራማሪ፣ ኮከቡ ስለሚገባው ብዙ የሚከፈልበትን ቡድንና ለኮከቡ ያለፈ ዝና ብዙ ከፍሎ የሚጎዳውን ቡድን በአንድ ሚዛን ያስቀምጣል። የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግን የሚከታተል አንባቢ ብዙ ደመወዝ የሚከፍል ክለብ በአብዛኛው ከላይ እንደሚጨርስ ያውቃል። በኤንቢኤ ገንዘብና ደረጃ እንደዚያ ተጣምረው የማይሄዱት ዋጋው በደንብ የታሰረ ስለሆነ ነው።

ለዚህ ከ2024/25 የውድድር ዘመን የተሻለ ማስረጃ አይገኝም። በዚያ ዓመት ፊኒክስ ሰንስ ለኬቪን ዱራንት 51.2 ሚሊዮን፣ ለብራድሊ ቢል 50.2 ሚሊዮን፣ ለዴቪን ቡከር 49.2 ሚሊዮን ዶላር ከፈለ። የሦስቱ ድምር ወደ 150.6 ሚሊዮን ይመጣል፤ የዓመቱ የሊጉ ጣሪያ 140.6 ሚሊዮን ስለነበር ሦስቱ ሰዎች ብቻቸውን ጣሪያውን በአሥር ሚሊዮን አልፈውታል። ክለቡ በሊጉ ከፍተኛውን ደመወዝ ከፍሎ፣ በዚያ ላይ ሊጉ ከተወሰነ መስመር በላይ በሚከፍሉ ክለቦች ላይ በሚጥለው የቅንጦት ግብር 150 ሚሊዮን ያህል ቅጣት ተጨምሮበት፣ 36 ጨዋታ አሸንፎ 46 ተሸነፈና ሻምፒዮኑ ከሚለይበት ውድድር፣ ከፕሌይኦፍ፣ ውጭ ሆነ።

በዚያው ዓመት ኦክላሆማ ሲቲ ተንደር 68 ጨዋታዎችን አሸንፎ፣ በፍጻሜው ኢንዲያና ፔሰርስን በሰባት ጨዋታ ረትቶ ሻምፒዮን ሆነ። የዓመቱ የሊጉ ኮከብ ተጫዋችና ከፍተኛ ነጥብ አስቆጣሪ የሆነው ሼይ ጊልጀስ አሌክሳንደር 35.9 ሚሊዮን ይከፈለው ነበር፤ ይህም ቢል ከሚወስደው በ14 ሚሊዮን ያነሰ ነው። ሌሎቹ ሁለት ምሰሶዎች ቼት ሆልምግረንና ጄይለን ዊሊያምስ ገና በጀማሪነት ውላቸው ላይ ስለነበሩ አንዱ 10.9፣ ሌላው 4.8 ሚሊዮን ብቻ ያገኙ ነበር። የሦስቱ ደመወዝ ተደምሮ 51.6 ሚሊዮን ይሆናል። ፊኒክስ ለዱራንት ብቻ ካወጣው ጋር በሚቀራረብ ገንዘብ ኦክላሆማ ሦስቱንም አሰልፏል። በቀረው ገንዘብ ኢሳያ ሃርተንስታይንን በ30 ሚሊዮን ከኒው ዮርክ አስመጣ፣ ለሉጀንትስ ዶርትና ለአሌክስ ካሩሶ ከፈለ፣ ያም ሆኖ ከቅንጦት ግብሩ መስመር በታች ቀረ።

ሁለቱም ቡድኖች በደመወዝ መዝገባቸው ላይ ሰፊ ልዩነት ነበረባቸው። በፊኒክስ ልዩነቱ የመጣው በሦስት ከፍተኛ ውሎችና በርካታ ዝቅተኛ ተከፋዮች መካከል ነው፤ በኦክላሆማ ግን በዝቅተኛ ተከፋዮቹ መካከል ዊሊያምስን የመሰለ በዚያው ዓመት ለኮከቦች ጨዋታ የተመረጠ ተጫዋች ነበር። በስሌቱ ላይ የዊሊያምስ 4.8 ሚሊዮን የልዩነት ማስፊያ ሆኖ ይቆጠራል፤ በሜዳ ላይ ግን የድሉ ዋና ምንጭ እሱ የሚሰጠው አገልግሎትና የሚከፈለው ገንዘብ አለመመጣጠን ነበር። «የደመወዝ ልዩነት ለድል ይጠቅማል» የሚል ጥናት ይህን የመሰሉ ቡድኖችን፣ «ይጎዳል» የሚል ጥናት ደግሞ ፊኒክስን የመሰሉትን በብዛት ቢያገኝ አያስደንቅም።

ጎልደን ስቴት ዋሪየርስ በ2014/15 ያለፈበት መንገድም ይኸው ነው፤ እንዲያውም ከሁሉ የጎላው ምሳሌ እሱ ይመስለኛል። በዚያ ዓመት የቡድኑ ከፍተኛ ተከፋይ 15 ሚሊዮን ዶላር የነበረው ዴቪድ ሊ ነበር። ሊ በዓመቱ መጀመሪያ ተጎድቶ ሲቀመጥ ቦታውን የያዘው 915 ሺህ ዶላር የሚከፈለው ድሬይመንድ ግሪን ነው፤ ሊ ድኖ ሲመለስም ቦታውን አላገኘም። የሊጉ ኮከብ ተጫዋች ሆኖ የተመረጠው ስቴፈን ከሪ 10.6 ሚሊዮን እያገኘ በራሱ ቡድን ውስጥ አራተኛ ተከፋይ ነበር፤ በ2012 የአራት ዓመት የ44 ሚሊዮን ውሉን ሲፈርም ቁርጭምጭሚቱ በተደጋጋሚ ይጎዳ ስለነበር ክለቡም እሱም አደጋውን ተካፍለው ነበር። ክሌይ ቶምሰን ገና 3.1 ሚሊዮን ላይ ነበር። ቡድኑ 67 ጨዋታ አሸንፎ ሻምፒዮን ሆነ። የክፍያው ቅደም ተከተል የችሎታውን ቅደም ተከተል መከተል አለበት የሚል ሰው እዚህ ላይ ሊቆም ይገባዋል፤ ቅደም ተከተሉ የተገላበጠ ነበርና። ያም ሆኖ ቡድኑ አልተናጋም፤ ሊ ቅሬታውን ይዞ ልምምዱን አላወከም፣ ከሪም ከእሱ በላይ የሚከፈላቸውን ኳስ አልነፈገም። ይህ የሰዎቹ ጠባይ ነው፤ በቁጥር አይገባም፣ ነገር ግን ያለ እሱ ቁጥሩ አይሠራም።

የከሪ ርካሽ ውል ለክለቡ ያስገኘው ጥቅም በዚያ ብቻ አላበቃም። ሊጉ አዲስ የቴሌቪዥን ውል በመፈራረሙ የደመወዝ ጣሪያው በ2016 ከ70 ሚሊዮን ወደ 94 ሚሊዮን በአንድ ጊዜ ዘለለ። ዋሪየርስ በዚያች በጋ ኬቪን ዱራንትን በ26.5 ሚሊዮን ሊያስፈርም የቻለው ጣሪያው ስለዘለለና የዓለም ምርጡ ወርዋሪ ገና 12 ሚሊዮን ስለሚከፈለው ነው። ተከታዮቹ ሁለት ዋንጫዎች የመጡት ከዚህ ነው። ከሪ በ2017 ያን ውል ሲጨርስ ከ200 ሚሊዮን በላይ የሆነውን የሊጉን የመጀመሪያ ውል ፈረመ፤ ዱራንት ደግሞ ባልደረቦቹ እንዳይበተኑ ሊያገኝ ከሚችለው ብዙ ሚሊዮን ቀንሶ 25 ሚሊዮን ወሰደ። ትርፉን የሚያስገኘው ሰው ተለወጠ እንጂ ትርፉ ከአንድ ሰው ኪስ መውጣቱ አልቀረም።

ትርፉን ስለሚያስገኘው ሰው ሲነሣ የጆርዳን የቡልስ ባልደረባ የነበረውን ስኮቲ ፒፕንን ማለፍ አይቻልም። ፒፕን በ1991 የአምስት ዓመት የ18 ሚሊዮን ዶላር ውል የፈረመው ጉዳት ቢደርስበት ቤተሰቡ ባዶ እጁን እንዳይቀር ብሎ ነው። የሊጉ ገቢ በእነዚያ ዓመታት ሲያብጥ የእሱ ደመወዝ ባለበት ቆመ። በ1997/98 ያገኘው 2.8 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ሲሆን፣ ከጆርዳን ደመወዝ አንድ አሥራ ሁለተኛ ያህል ብቻ ነው፤ በራሱ ቡድን ስድስተኛ፣ በሊጉ 122ኛ ተከፋይ ነበር። በሜዳ ላይ ግን ከጆርዳን ቀጥሎ የቡድኑ ሁለተኛ ሰው፣ በመከላከል ደግሞ የሊጉ ምርጥ ከሚባሉት አንዱ እንደነበር የሚክድ አልነበረም። ቡልስ ሮድማንን፣ ኩኮችን፣ ሃርፐርንና ሎንግሊን አንድ ላይ ሊያቆይ የቻለበት አንዱ ዋና ምክንያት ለሁለተኛው ሰው የከፈለው አነስተኛ ገንዘብ ነው።

ፒፕን በመጨረሻ ቂሙን በሥራው ገለጸው። የእግሩን ቀዶ ጥገና በበጋ ማድረግ ሲችል እስከ ጥቅምት አዘገየው፣ የመጀመሪያዎቹ 35 ጨዋታዎች አመለጡት፣ ወደ ሌላ ክለብ እንዲሸጡትም በይፋ ጠየቀ። ተመልሶ ቡድኑን እስከ ዋንጫ ቢያደርስም በጥር 1999 ከ67 ሚሊዮን በሚበልጥ ውል ወደ ሂውስተን ሄደ። ጆርዳን ጫማውን ሰቀለ፣ አሰልጣኝ ፊል ጃክሰንም ተለየ፤ ቡልስ በዚያ ባጠረ ውድድር 13 ጨዋታ ብቻ አሸነፈ። የፒፕን ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚነገረው እንደ አንድ ሰው የውል ስህተት ነው። እኔ የማየው ግን ሌላ ነው፤ አከርሎፍና የለን የገለጹት የበደል ስሜት በዚያ ቡድን ውስጥ ነበር፣ ነገር ግን ውጤት ላይ የታየው ዘግይቶ ነው። በዓመት በዓመቱ የደመወዝን ስፋትና የድልን ቁጥር የሚያነጻጽር ስሌት ይህን ዓይነቱን የዘገየ ዕዳ አያየውም፤ ቡልስ በጆርዳንና በፒፕን ዘመን ያነሣቸውን ስድስት ዋንጫዎች ቆጥሮ «ልዩነቱ አልጎዳም» ይላል።

ሳን አንቶኒዮ ስፐርስ ይህን ዕዳ በሌላ መንገድ ከፍሎታል። ቲም ደንከን በ2011/12 ከ21 ሚሊዮን ዶላር በላይ ይከፈለው ነበር፤ በ2012 አዲስ ውል ሲፈርም ግን ደመወዙ ወደ ግማሽ ወረደ። በ2014 ስፐርስ ማያሚ ሂትን በአምስት ጨዋታ አሸንፎ ዋንጫ ሲወስድ ደንከን 10.4፣ ቶኒ ፓርከር 12.5፣ ማኑ ጂኖቢሊ 7.5 ሚሊዮን ያገኙ ነበር፤ የፍጻሜው ኮከብ የሆነው ካዋይ ሌናርድ ደግሞ ገና 1.9 ሚሊዮን ላይ ነበር። በዚያው ዓመት ሎስ አንጀለስ ሌከርስ ለኮቢ ብራያንት 30.5 ሚሊዮን ከፈለ፤ ኮቢ ከአኪሊስ ጅማት ጉዳቱ ተመልሶ ስድስት ጨዋታ ብቻ ተጫወተ፣ ቡድኑም 27 ጨዋታ አሸነፈ። ሌከርስን ያወረደው የኮቢ ደመወዝ ብቻ ነው ማለት ተገቢ አይሆንም፤ ሌሎችም ብዙዎች ተጎድተው ነበር። ሆኖም የደንከን ቅናሽ ክለቡ ዲያውን፣ ስፕሊተርንና ሌሎቹን አብሮ እንዲያቆይ ቦታ ሰጥቶታል፣ ሌከርስ ግን ያ ቦታ አልነበረውም።

እዚህ ላይ ደጋፊዎች የሚያነሡት «ለምን ሁሉም እንደ ደንከን አይቀንስም?» የሚለው ጥያቄ ቅንነት ቢኖረውም ሸክሙን በአንድ ሰው ትከሻ ላይ ይጭናል። በሊጉና በተጫዋቾች ማኅበር ስምምነት መሠረት ተጫዋቾቹ በጠቅላላ ከሊጉ ዋና ገቢ ከ49 እስከ 51 በመቶ ይወስዳሉ። ድርሻው በጅምላ የተወሰነ ስለሆነ አንድ ኮከብ የተወው ገንዘብ በመጨረሻ የሚሄደው በአብዛኛው ወደ ሌሎች ተጫዋቾች ነው። ለክለቡ ባለቤት ግን ቅናሹ የቅንጦት ግብሩን ያስቀርለታል፣ ዋንጫና የክለቡ ዋጋ መጨመርም ለእሱ ነው። አንድ ተጫዋች ጉልበቱ ሳይከዳው የሚሠራበት ዘመን ከ15 ዓመት እምብዛም አያልፍም፤ ቡድኑ እንዲጠናከር ብሎ ገንዘቡን የሚተው ሰው ምስጋና ይገባዋል፣ ያልተወውን ግን ስግብግብ ማለት ፍትሕ አይደለም።

ጥያቄውን ዛሬ ከቀድሞው ይበልጥ አንገብጋቢ ያደረገው በ2023 የተፈረመው አዲሱ የሊጉ ስምምነት ነው። ቀድሞ ሀብታም ባለቤት ያለው ክለብ ግብሩን እየከፈለ ከሌሎች በላይ ሊያወጣ ይችል ነበር። አዲሱ ደንብ «ሁለተኛ አፕሮን» የተባለ መስመር አበጀ፤ በ2025/26 ይህ መስመር 207.8 ሚሊዮን ዶላር ነው። ይህን ያለፈ ክለብ ከገንዘብ ቅጣቱ ሌላ የሁለት ተጫዋቾችን ደመወዝ ደምሮ አንድ ትልቅ ተጫዋች መለወጥ አይችልም፣ ከሰጠው በላይ ደመወዝ በዝውውር መቀበል አይፈቀድለትም፣ ከጣሪያ በላይ ያሉ ቡድኖች ልምድ ያለው ተጫዋች የሚያስፈርሙበት ልዩ ፈቃድ ይቀርበታል፣ ከሰባት ዓመት በኋላ የሚመርጥበት የመጀመሪያ ዙር ድራፍቱም ይታገድበታል። ገንዘብ ያለው ባለቤት በገንዘቡ ሊገዛ የማይችላቸው ነገሮች ተወሰዱበት ማለት ነው።

ሒሳቡን ለማየት ያህል፣ በ2025/26 የሊጉ ጣሪያ 154.6 ሚሊዮን ሲሆን 35 በመቶው 54 ሚሊዮን ይሆናል። በዚህ ውል ሦስት ኮከቦችን የያዘ ክለብ ለሦስቱ ብቻ 162 ሚሊዮን ያወጣል፤ ሁለተኛውን አፕሮን ሳያልፍ ለቀሩት አሥራ ሁለት ሰዎች የሚኖረው 45 ሚሊዮን ገደማ ብቻ ነው። በአማካይ ለአንድ ሰው ከአራት ሚሊዮን በታች ይደርሳል። የሚጎዳው ማን እንደሆነ ከዚህ ይታያል፤ በቋሚነት የሚሰለፍ፣ ጠንክሮ የሚከላከል፣ ከሩቅ የሚወረውር፣ በነፃ ገበያ 15 ወይም 20 ሚሊዮን የሚያወጣው መሐለኛው ተጫዋች ነው። እሱን ዝቅተኛ ውል በሚቀበል ሽማግሌ ወይም ገና ባልበሰለ ጀማሪ መተካት የግድ ይሆናል።

ዴንቨር ናጌትስ በ2023 ሻምፒዮን ከሆነ በኋላ የገጠመው ይኸው ነበር። ኒኮላ ዮኪች፣ ጀማል መሪና ማይክል ፖርተር ከፍተኛ ክፍያ ላይ ስለነበሩ በፕሌይኦፉ ወሳኝ የነበረው ብሩስ ብራውን ወዲያው በሁለት ዓመት 45 ሚሊዮን ወደ ኢንዲያና ሄደ፤ በዓመቱ ኬንታቪየስ ኮልድዌል ፖፕ በሦስት ዓመት 66 ሚሊዮን ወደ ኦርላንዶ ተከተለው። ናጌትስ የዓለም ምርጡን ተጫዋች ይዞ በ2024ም በ2025ም ከሁለተኛው ዙር አላለፈም። ቦስተንም አልተረፈም። ብራውን በ2023 የ304 ሚሊዮን፣ ቴተም በ2024 የ314 ሚሊዮን ውል ፈረሙ፤ ለ2025/26 ደመወዝና ግብር ተደምሮ ወደ 500 ሚሊዮን እንደሚደርስ ሲታወቅና በግንቦት 2025 የቴተም የአኪሊስ ጅማት ሲበጠስ ክለቡ ሆሊዴይን ወደ ፖርትላንድ፣ ፖርዚንጊስን ወደ አትላንታ ሰደደ። አራቱ እኩል ተከፋዮች አብረው የቆዩት ሁለት ዓመት ብቻ ነው። በተመጣጠነ ክፍያ የተሠራው ያ ቡድን ራሱ የቆመው ብራውንና ቴተም ገና ሙሉ ዋጋቸው ባልተከፈለበት ጊዜ እንደነበር ልብ ይሏል።

ጄይለን ብራንሰን በ2024 በጋ የወሰደው እርምጃ ከደንከን ቅናሽ የሚለየው በዕድሜው ነው። ብራንሰን አንድ ዓመት ቢታገሥ ከኒው ዮርክ ኒክስ ጋር የአምስት ዓመት የ269 ሚሊዮን ውል ሊፈርም ይችል ነበር፤ እሱ ግን ያኔውኑ በአራት ዓመት 156.5 ሚሊዮን ፈረመና 113 ሚሊዮን ያህል ዋስትና ትቶ አለፈ። ክለቡ በዚያ ክፍተት ውስጥ ኦጂ አኑኖቢን፣ ሚካል ብሪጅስንና ካርል አንቶኒ ታውንስን አንድ ላይ ይዞ በ2025 ከ25 ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሊጉ ምሥራቅ ክፍል ፍጻሜ ደረሰ። ደንከን የቀነሰው በ36 ዓመቱ፣ ሀብቱን ካካበተ በኋላ ነበር፤ ብራንሰን ግን በ27 ዓመቱ፣ ትልቁን ውሉን ገና ሳያገኝ ነው። አዲሱ ደንብ ቅናሹን ወደ ወጣትነት ዘመን እየገፋው እንደሆነ ከዚህ መረዳት ይቻላል፤ የተጫዋቾች ማኅበርም ወደፊት በሚያደርገው ድርድር ሊያየው የሚገባ ጉዳይ ይመስለኛል።

ኦክላሆማ ሲቲም ወደዚያው በር እየተጠጋ ነው። ክለቡ በሐምሌ 2025 ለጊልጀስ አሌክሳንደር በአራት ዓመት 285 ሚሊዮን፣ ለዊሊያምስ በአምስት ዓመት እስከ 287 ሚሊዮን፣ ለሆልምግረን እስከ 250 ሚሊዮን የሚደርሱ ውሎችን አስፈረመ። የሁለቱ ወጣቶች ውል በ2026/27፣ የጊልጀስ አሌክሳንደር ደግሞ በ2027/28 ይጀምራል፤ ያን ጊዜ ጊልጀስ አሌክሳንደር ብቻውን በአማካይ በዓመት ከ71 ሚሊዮን በላይ ያገኛል፤ በ2024/25 ሦስቱ አንድ ላይ ካገኙት በ20 ሚሊዮን የሚበልጥ ማለት ነው። ሥራ አስኪያጁ ሳም ፕሬስቲ ለዓመታት በዝውውር ያከማቻቸው የመጀመሪያ ዙር ድራፍቶች ዋና ጥቅማቸው አሁን የሚታይ ይሆናል፤ ዶርት፣ ሃርተንስታይንና ካሩሶ የያዙትን ቦታ በጀማሪ ደመወዝ የሚሸፍን ተጫዋች ከእነዚያ ምርጫዎች ከተገኘ ቡድኑ ይቀጥላል፣ ካልተገኘ ከሦስቱ ኮከቦች አንዱ እንዲቀንስ ወይም እንዲሄድ የሚጠየቅበት ቀን ሩቅ አይሆንም።